የአሰቡ ሣጥን

አባቴን ዘውዱን በመልክ አላውቀውም። አሰብ ላይ የመርከብ ሠራተኛ ሳለ፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ሞተ። ያለው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የባሕሩ ወበቅ እንዳይበላው ብሎ ራሱ ነው ያስገባው። ሣጥኑ የድሮ ባሕረኞች ውድ ንብረታቸውን የሚያኖሩበት ነበር አሉ፤ አንድ ሽማግሌ የግሪክ ካፒቴን ነው የሰጠው።

በ1983 ወደ አገራችን መርሳ ስንመለስ እናቴ እታፈራሁ ሌላውን ዕቃ ትታ ሣጥኑን በጭነት መኪና አመጣች። ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ግን ከፊት ባለው ቀዳዳ ይገባል እንጂ አይከፍትም። አባቴ ሲከፍተው አጠገቡ ቆማ አታውቅም፤ "የሰው ጓዳ አያለሁ እንዴ?" ትላለች፣ የገዛ ባሏን። ዛገ ብለን ስንት ናፍጣ አጠጣነው። እሷማ ክዳኑ ላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል በዱቄት ሙጫ ለጥፋበት፣ እንኳን ልንቀመጥበት ስኒ አናስቀምጥበትም።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ትዕግሥቴ አለቀ። ከወልድያ ሞገስ የሚባል መካኒክ አስመጣሁ።

"ክዳኑን በጋዝ እሳት እቆርጠዋለሁ" አለ። "ፎቶው ምናልባት ይተርፍ ይሆናል።"

ምናልባት ማለቱ አናደደኝ። ሌላ ፎቶ የለውማ። ቢሆንም ቁረጠው አልኩት።

እናቴ ብድግ አለች። "በመልአኩ ላይ እሳት? እኔ በቁሜ?"

"እንግዲያው ሥዕሉን ያንሱልኛ፣ እትዬ" አለ ሞገስ።

ለብ ባለ ውኃ ዳር ዳሩን እያራሰች፣ በየመሀሉ እየተሳለመች ላጠችው። ከሥሩ፣ ክዳኑን እንደሞሉት እንደ ሌሎቹ ያለ አንድ ክብ የምስማር ራስ ነበር። የቀረውን ሙጫ በጣቷ ስታሽ ግን ምስማሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ። የቁልፍ ቀዳዳ ወጣ።

የፊተኛው ቀዳዳ ለካ ለሌባ ማታለያ ኖሯል፤ ሌባው እኛ ሆነን ነው የከረምነው።

ቁልፉ ዞረ፣ መቀርቀሪያዎቹ ሁሉ ባንዴ ተሰበሰቡ። ፎቶው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አባቴ መርከብ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል፣ ጢሙም በቅጡ አላበቀለም። እናቴ ብዙ አየችው።

"ወይኔ፣ ልጅ ነበር እኮ" አለች። "እኔ ሳረጅ እሱ እኩያሽ ሆኖ ቀረ።"

እኔም የጠበቅኩት ትልቅ ሰው ነበር። ቢሆንም "አባዬ" አልኩት። ማንንም ብዬ የማላውቀው ቃል ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን አልከበደኝም።