ፍሬኑ ላይ የጠፋው እግር

ነጂው ወገቡን ያመመው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያውቅም። ሕመም እንደ ሌባ ነው፤ መግባቱ የሚታወቀው ዕቃ ከለቀመ በኋላ ነው። እሱ የሚያስታውሰው አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል፣ ከወገቡ እስከ ባቱ የጋለ ሽቦ የመሰለ ነገር እንደወረደበት ነው። ሚስቱ እንዳትሰማ ትራሱን ነከሰ።

የሚነዳው የከተማ አውቶቡስ ከገበያው ተነስቶ ዳገቱን ይወጣና ከማዶ ባለው ቁልቁለት ወደ ፋብሪካዎቹ ሰፈር ይወርዳል። የነጂው ወንበር ስፖንጅ በግራ በኩል አልቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ወደ ቀኝ አጋድሎ፣ ደረቱን መሪው ላይ ጥሎ፣ አንገቱን እንደ ኤሊ አስግጎ ነበር ውሎ የሚገባው። ትኬት ቆራጯ ስንቱን ሹፌር ያየች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች፤ አቀማመጡን አይታ "ጥያቄ ምልክት" የሚል ስም አወጣችለት።

"ጥያቄ ምልክት! ዛሬስ መልሱ ተገኘ?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት።

እሱም ይስቃል። መሳቁም ያመው ነበር።

ለማንም ያልተናገረው በታላቅ ወንድሙ ምክንያት ነው። ወንድሙ በጉብዝናው ወራት የእህል መጋዘን ተሸካሚ ነበር፤ ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሳ። አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ቁጭ አለ። ሐኪም ቤት ሄደ፣ ተመልሶ አልጋው ላይ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ነጂው ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ወገብ፣ ሐኪም ቤትና አልጋ በነጂው ልብ ውስጥ በአንድ ገመድ ታስረው ተቀምጠዋል። "ሐኪም ጋ የሄድኩ ዕለት አለቀልኝ" ይላል ለራሱ።

ከዚያ ሕመሙ ቀለል አለው። ደስ አለው። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ሕመሙ በለቀቀው ቦታ መደንዘዝ ገባ። መጀመሪያ የቀኝ እግሩ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሩ። አንድ ማታ ሳሎን ሲገባ ሚስቱ ወደ ታች አይታ "አንዱ ጫማህስ?" አለችው። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል። እሱ አላወቀም። ሳቀና "እርጅና ነው" አላት፤ ጫማውን ሊያመጣ ሲመለስ ግን እግሩን እያየ ነበር የሚረግጠው።

ነገሩ የፈነዳው ዝናብ ባካፋበት አንድ ቀትር ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጂው ቁልቁለቱን ጀመረና እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳረፈ፤ ወይም ያሳረፈ መሰለው። አውቶቡሱ ፍጥነቱን አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመረ። ጠበቅ አድርጎ ረገጠ፤ ይባስ ብሎ ተወነጨፈ።

ሹፌር እግሩን አያይም፤ እግር ራሱ መንገዱን ያውቃል። እሱ ግን ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ወደ ታች አየ። ጫማው የነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። የሌላ ሰው እግር መሰለው። ነቅሎ ፍሬኑ ላይ ጣለው፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ ወደቀ እንጂ አልገፋም፤ ጉልበቱ ከድቶታል። ቀና ሲል የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት መንገዱን እያቋረጠች ነው። በግራ እግሩ ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ መሪውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ሰበረ። ጎማው የድንጋዩን ጠርዝ እየፋቀ፣ ተሳፋሪው አንዱ በአንዱ ላይ እየተከመረ፣ አውቶቡሱ ቆመ።

ሴትዮዋ ከመስታወቱ ፊት ነበረች። ሁለት እጇን ጋሪው ላይ እንዳደረገች ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር።

"ፍሬን በጥሶ ነው! እግዜር አወጣን!" አለ አንዱ ተሳፋሪ።

"አዎ፣ ፍሬኑ ነው" አለ ነጂው።

ትኬት ቆራጯ መጀመሪያ ሰዉን ሁሉ አወረደች። ከዚያ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

"ፍሬኑ አይደለም። እግርህን ስትፈልግ አይቼሃለሁ።"

"እባክሽ እህቴ…"

"እህቴ አትበለኝ! ያቺ ሴት ሚስትህ ብትሆንስ? ቁርጡን ልንገርህ፤ ወይ አንተ ለስምሪት ኃላፊው ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ።" ይህን ብላ የፊት ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

ነጂው የዚያኑ ዕለት ተናገረ። ከመሪው አወረዱት፤ ወደ ሐኪም ቤትም ላኩት።

ሐኪሙ አስነሥቶ አስተኝቶ መረመረው። እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ "ይሰማሃል?" ሲለው፣ ነጂው የማይሰማውን እንኳ "አዎ" ለማለት ይዳዳው ነበር። "ሽንት ያመልጥሃል? መቀመጫህ አካባቢስ ይደነዝዝሃል?"

"ኧረ አይ!"

"ይህ ከመጣ ነገ ዛሬ አትበል፤ በዚያችው ሰዓት ና።"

በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን እንደተጫነው ነገረው። "አቀማመጥህ ብቻውን አመጣው አልልም፤ ግን አባብሶታል። ቀዶ ጥገናው ለአሁን ይቆይ፤ ብዙው ሰው ያለ ቢላዋ ይድናል። ብቻ አትተኛ። ተንቀሳቀስ።" ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራው።

ነጂው ግን ቤቱ ገብቶ ተኛ። ብነሳ አንድ ነገር ውስጤ ይበጠሳል የሚል ፍርሃት ያዘው። ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር የሐኪሙ ጥያቄ ትዝ ይለዋል። ሲያስነጥሰው እንኳ የአልጋውን ጠርዝ ይጨብጣል። ሚስቱ ብትለምነው "ተይኝ"፣ ብትቆጣው "ተይኝ" ሆነ መልሱ። በመጨረሻ ልብሱን አምጥታ ደረቱ ላይ ወረወረችው።

"ተነስ። ወንድምህ ጋ እንሂድ። እሱ መክሮህ እምቢ ካልክ ያኔ ዝም እልሃለሁ።"

እየተደገፋት ሄደ። ወንድሙ እንደ ወትሮው ተንጋሏል። ነጂው ቁልቁለቱን፣ እግሩን፣ ሴትዮዋን ሁሉ ነገረው፤ ከዚያ፦

"ወንድም ጋሼ፣ እነዚህ ሐኪሞች እንዳንተ ሊያደርጉኝ ነው" አለ።

"ሐኪሞች እኔን ምን አደረጉኝ?"

"እነሱ ጋ ሄደህ አይደል የተኛኸው?"

ወንድሙ አንገቱን ወደ እሱ መለሰ። "አንተም ይህን ታስብ ኖሯል?" አለ። "ቀስ እያልክ ተራመድ ነበር ያሉኝ። ስነሳ አመመኝ። ነገ እነሳለሁ አልኩ። በነጋታው ፈራሁ። ሰው ሲጠይቀኝ 'ወገቤ' ማለት ቀላል ነበር፤ 'ፈራሁ' ማለት ለጎረምሳ ያሳፍራል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እግሬ ሰለለ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አንተ በእግርህ ነው የመጣኸው። በእግርህ ሂድልኝ።"

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ነጂው ተነሥቶ የወንድሙን ግንባር ሳመ። ሲመለሱ አልተደገፈም፤ በየእርምጃው ግን እየፈራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሕፃን እንደሚያስተምሩ መቀመጥ አስተማረችው። መቀመጫውን ወደ ወንበሩ ጥግ አስጠግቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ፎጣ ጠቅልሎ የወገቡ ስርጉድ ላይ አድርጎ። "እንደ ወታደር አትገተር፤ ትከሻህን ልቀቀው። ደግሞ የቱንም ያህል አስተካክለህ ብትቀመጥ፣ ብዙ አትቀመጥ" አለችው። በግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ማለትን፣ በጀርባው ተኝቶ ወገቡን ማንሳትን፣ በእግሮቹ ጣቶች መቆምን ለመደ። የቀኝ እግሩ ተረከዙን ማንሳት እምቢ ብሎ ሲንቀጠቀጥ እንባው የመጣበት ቀን ነበር። ቆይቶ ግን ተረከዙ ተነሣ።

ሐኪሙ እንደገና መርምሮ እንዲነዳ ፈቀደለት። ጋራዡ ወንበሩን ቀየረለት፤ ባዶ አውቶቡስ እያስነዱ ፈተኑት። ከዚያ አንድ ጠዋት ተሳፋሪ ጭኖ ዳገቱን ወጣ።

ጫፉ ላይ ሲደርስ መንገዱ ከፊቱ ተዘረጋ። የዚያች ሴት ዓይን መጣበት። አንገቱ ወደ ፊት ሊሰግግ፣ ደረቱ መሪው ላይ ሊወድቅ ሲል ታወቀው፤ ጀርባውን መለሰና ወንበሩ ላይ አሳረፈ። ገና ከአናቱ ጀምሮ ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑ ከጫማው ሥር ጠጠር ብሎ ተሰማው። ትንሿ ጣቱ እንደደነዘዘች ናት፤ ሌላው እግሩ ግን የእሱ ነበር። አውቶቡሱ በዝግታ ወረደ።

ፋብሪካዎቹ ጋ ሲቆም ተሳፋሪው እየተጋፋ ወረደ፤ ስለ ቁልቁለቱ ያሰበ አንድም አልነበረም። ነጂው እጁ መሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

"ፈራህ?" አለችው ትኬት ቆራጯ።

"በጣም።"

"እኔም። በል ውረድ፣ እንራመድ፤ ቁጭ ብለን ከምንፈራ።"

ወረደና ከእሷ ጋር አውቶቡሱን መዞር ጀመረ።