አነበብሽው ወይስ ገመትሽው?

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ተርጓሚ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ፋርማሲስቱ ነው። ሐኪሞቹ ማዘዣው ላይ የሞነጫጨሩትን እሱ ዓይኑን አጨንቁሮ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዙሮ፣ አልገባ ሲለው «ተርጓሚ፣ እስቲ ነይማ!» ይላል። እሷ ክኒን የምትቆጥርበትን ሰሃን ትታ ትመጣና በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ «የጨጓራ ነው፤ በቀን ሁለቴ፣ ለአሥራ አራት ቀን» ብላ ወደ ቆጠራዋ ትመለሳለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የሠራችው። የማታነበው የሐኪም እጅ አልነበረም። የአንዱ «ኤ» እንደ መንጠቆ፣ የሌላው «ኤል» እንደ ተቆረጠ ክር መሆኑን እንደ ልጇ ፊት ነው የምታውቀው።

ታዲያ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ከእጅ መታጠቢያው በላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። ከባንኮኒው በስተጀርባ የሚሠራ ማንኛውም ሰው የፋርማሲ ቴክኒሻንነት የብቃት ማረጋገጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ያለፈ ደመወዙ ይጨመርለታል። ያላለፈ በነበረው ደመወዝ ወደ ፊት ለፊቱ መደርደሪያ ይዛወራል፤ ሳሙና፣ ዳይፐርና የጥርስ ብሩሽ ሊደረድር።

«አንቺ ምን ቸገረሽ!» አለቻት ገንዘብ ተቀባይዋ። አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» ይሏታል። «ተርጓሚ ከወደቀች ሐኪሞቹም አብረው ይውደቁ።»

«አፍሽን ያዥ» አለች ተርጓሚ። ገና ያልሆነ ነገር እንደሆነ ተደርጎ ሲወራ አትወድም። መጥፎውን አስቀድማ ካሰበችው የማይመጣ ይመስላታል። ስልኳ ሲጮህ ልጇ ተቃጥላ ነው፤ ስልኳ ዝም ሲል ልጇ ታማ መናገር አቅቷት ነው።

ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሚጣ ነው የምትላት። አባትየው ከሞተ ወዲህ ተርጓሚ የቤት ኪራዩን ብቻዋን መቻል አቅቷት ከሬዲዮ ጋር አንዲት ክፍል ተጋራች። አከራይዋ ልጅ አልቀበልም አሉ። የሟቹ እህት «ለጥቂት ጊዜ እኔ ጋ ትሁን» ብላ ሚጣን ወሰደቻት። ጥቂቱ ጊዜ ሁለት ዓመት ሆነ። እሑድ እሑድ ልታያት ስትሄድ ልጅቱ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ትደብቃለች። አንድ ቀን በግድ ይዛ ብታየው ጣቶቿ በሳሙና ተሰነጣጥቀዋል።

«አክስቴ አይደለችም እማዬ፣ እኔ ነኝ ሳህን ማጠብ የምወደው።»

ሳህን ማጠብ የሚወድ ልጅ ተርጓሚ አይታ አታውቅም።

ስለዚህ ያ ጭማሪ ለእሷ ልጇን መልሳ የምታገኝበት ነገር ነበር። ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ክፍል አይታለች፤ ጠባብ ናት ግን መስኮትና የራሷ ውኃ አላት። ጭማሪው ሲመጣ ኪራይዋ በልክ ይወጣል። ልብስ ሰፊው ፈተናው ያለበት ወር እስኪያልቅ ላስቀምጥልሽ ብሏታል። ሚጣን ወስዳ ስታሳያት ልጅቱ ባዶውን ክፍል በእርምጃዋ ለካችው። «አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር። አንቺ በግድግዳው በኩል ትተኚያለሽ፣ እኔ እወራጫለሁ።»

ለሦስት ወር አጠናች። ሬዲዮ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ትጠይቃታለች፤ ጥያቄው ከረዘመባት ግማሹን ትዘለዋለች። ሚጣም በስልክ ትጠይቃታለች፣ የመድኃኒት ስም አንብባ መጨረስ ሲያቅታት እየሳቀች።

የጽሑፍ ፈተናው አላስቸገራትም። ቀጥሎ የተግባሩ መጣ። አንዲት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ እንደ ባንኮኒ ተሰናድቷል፤ ከኋላው የመድኃኒት መደርደሪያ፣ ላዩ ላይ መቁጠሪያ ሰሃን፣ ፖስታ፣ እስክሪብቶና አንድ የቢሮ ስልክ። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ፈታኝ እንደ ደንበኛ ሆና ማዘዣ ሰጠቻት። ጽሑፉ እርስ በርሱ ተጠላልፏል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ቀለሙ ፈስሷል። ተርጓሚ ልቧ ሞቀ። ይቺማ የእሷ ናት! ስልኩን ለሰሃኑ ቦታ እንዲለቅ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ ዕቃውን አወረደች፤ አምስት አምስት እያደረገች ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ፖስታው ላይ ጽፋ አስረከበች። ከተሰጣት ጊዜ ግማሹ እንኳ አልሄደም።

ፈታኟ ፖስታውን አገላብጣ አየችው። «አነበብሽው ወይስ ገመትሽው?»

«አነበብኩት።»

ፈታኟ መነጽሯን አድርጋ አንድ ነገር ጻፈች።

ደረጃውን ስትወርድ ከፊቷ ሁለት ተፈታኞች ያወራሉ። «ያቺን ወረቀት እኮ ሆን ብለው ነው ያበላሿት። ስልኩን አንስተሽ ሐኪሙን ካልጠየቅሽ በቃ፣ አለቀልሽ። የቀረውን አያዩልሽም።»

ተርጓሚ የደረጃውን ብረት ያዘች። በገዛ እጇ ነው ስልኩን ወደ ጎን የገፋችው።

ውጤቱ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ወድቃለች። የሚቀጥለው ፈተና ከዓመት በኋላ ነው። ሬዲዮ አጠገቧ ተቀምጣ የአንሶላውን ጠርዝ ስትጠቀልልና ስትፈታ ቆየች።

በማግሥቱ ፋርማሲስቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠራት።

«ጋሼን አነጋግሬያቸዋለሁ። እሷን ሳሙና ላይ ካቆሟት የሰውን ማዘዣ ማን ሊያነብልኝ ነው አልኳቸው። ሐሙስ ጠዋት መጥተው ያዩሻል። እንደምታነቢ በዓይናቸው ካዩ እስከሚቀጥለው ፈተና እዚሁ ትቆያለሽ፤ ጭማሪውም ይሰጥሻል።»

«ጭማሪውም?»

«ጭማሪውም። አንቺ ብቻ እንደ ወትሮሽ ሁኚልኝ።»

ያን ቀን ሚጣ ደወለች። «እማዬ፣ ውጤቱ መጣ እንዴ?»

ተርጓሚ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። «ገና ነው። ግን አይቀርም።»

«እና ዕቃዬን ላዘጋጅ?»

«አዘጋጂ የኔ እናት፤ ሐሙስ ማታ እመጣለሁ» አለች። ስልኩን ዘግታ አፏን በእጇ ያዘች። ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋ ተናግራለች፤ ያውም በራሷ አፍ።

ሐሙስ ባለቤቱ በጠዋት መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ በባንኮኒው ጫፍ ቆሙ። «እስቲ ይቺን የተባለላትን ልያት» አሉ። ሬዲዮ ከገንዘብ መሳቢያዋ ጀርባ ሆና በጣቷ አይዞሽ አለቻት።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አሮጊት ናቸው። ተርጓሚ ማዘዣውን ገና ሳትቀበል «የደም ግፊት፣ ጠዋት ጠዋት» አለች። ባለቤቱ ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና ሳቁ። «ይሄ ጽሑፍ ነው እንዴ? ጉንዳን የሄደበት ነው እንጂ!» ሁለተኛውንም አነበበች። ባለቤቱ ለፋርማሲስቱ ራሳቸውን ነቀነቁለት። ፋርማሲስቱ በደስታ ጆሮው ቀላ።

ሦስተኛው የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ነበር። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ስለመጣ ቶሎ በሉልኝ አለ። ማዘዣውን ስታየው የጻፈውን ሐኪም አወቀችው። ወሩን ሙሉ የጥፍርና የእግር ፈንገስ መድኃኒት ሲያዝ የከረመ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ መጨረሻው ወደ ታች የተጎተተ። አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር።

አነበብሽው ወይስ ገመትሽው?

ወረቀቱን መልሳ አየችው። የመጀመሪያውን ፊደል አይታዋለች። የመጨረሻውንም አይታዋለች። መሐሉ ላይ ግን ማዕበል የሚመስል መስመር እንጂ ፊደል የለም። መሐሉን ያመጣችው ከራሷ ነው፤ ከወሩ ልማድ።

«ተርጓሚ፣ በይ እንጂ» አለ ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ።

«ለማን ነው መድኃኒቱ?» አለችው ሰውየውን።

«ለእህቴ ልጅ። እኔ ተልኬ ነው፣ ምኗን እንደሚያማት አልጠየቅኩም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት።»

ባለቤቱ ሰዓታቸውን አዩ። ያቺ ከልብስ ሰፊው ጀርባ ያለች ክፍል ከነመስኮቷ ፊቷ መጣች። አንድ ቃል ነው የቀራት። አንድ ቃል ብትናገር ማታ ሚጣ አልጋው ላይ ትወራጫለች። ደግሞም ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ ዘጠኝ ዓመት ትክክል አልነበረችም? ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ለሐኪሙ እደውላለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ባለቤቱ።

«አልተነበበልኝም፣ ጋሼ።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። ሐኪሙ በመጨረሻ ሲያነሳ ሥራ በዝቶበት ነበር፤ ተቆጣት። የማዘዣውን ቁጥርና ቀን ነገረችው። ከዚያ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል ነገራት፤ እሷም ፊደል በፊደል ጻፈችው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነበር። «እንዳትዘገይባት፤ ትናንት ጨርሳለች» አለና ዘጋው።

ተርጓሚ ዕቃውን አወረደች። አምስት አምስት እያደረገች ቆጠረች፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተባት፤ ሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ሰውየው ፖስታውን ኪሱ ከቶ ቁልፉን እያሽከረከረ ሄደ። ምን ልትሰጠው እንደነበር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባለቤቱ ኮታቸውን ቆለፉ። «ስልክ መደወልማ ሬዲዮም ትደውላለች» አሉ ለፋርማሲስቱ። «ታነባለች ብለኸኝ ነበር የመጣሁት።»

«ጋሼ፣ ይቺ አንዲቷ ብቻ እኮ ናት፤ ሌሎቹን አንብባለች፣ እርስዎም አይተዋል...»

«የብቃት ወረቀት ለሌለው ደመወዝ አልጨምርም። ከዛሬ ጀምሮ ሳሙናው ጋ ትሁን።»

ፋርማሲስቱ እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እሷ ዞረ። «ምን ነካሽ አንቺ? የዚህን ሐኪም እጅ እኮ በጨለማም ታነቢዋለሽ!»

ልትነግረው ፈለገች። «ዶክተር፣ ልሳሳት ነበር» ልትለው። ግን ያን ካለች የዘጠኙን ዓመት ግምት ሁሉ ልትናዘዝ ነው። ነጩን ጋዎኗን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

እስከ ቀትር ዳይፐር በቁጥር በቁጥሩ ደረደረች። አንድ ጊዜ ከባንኮኒው ወዲያ የለመደችው ድምፅ መጣ፤ «ተርጓሚ፣ እስቲ ነይማ!» እግሯ ሳታዘው ተነሳ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«ስልኩ እዚያው አጠገብህ ነው፣ ዶክተር» አለች።

ሬዲዮ እንኳ ቀና ብላ አየቻት።

የሳሙና ካርቶን ለማምጣት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገባች። በጥጉ በኩል የተፈጸሙ ማዘዣዎች ካርቶን በካርቶን ተደራርበዋል፤ ዓመቱ በማርከር ተጽፎባቸዋል። ስንት ጊዜ አልፋባቸዋለች። ዛሬ ግን የሳሙናው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አንዳንድ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ድኖ ነው ትል ነበር፤ ወይም ሰፈር ቀይሮ። መጥፎውን ሁሉ አስቀድማ የምታስብ ሴት ይህን አንዱን አስባው አታውቅም ነበር። አሁን አንድ አንድ እያለ መጣባት። ያቺ ሕፃን የታቀፈች ሴት። ያ የሚያስለው የቀን ሠራተኛ፤ ሁለት ሳምንት መጥቶ የቀረው። የላይኛውን ካርቶን ክዳን በጣቷ ነካችው፤ ሳትከፍተው እጇን መለሰች።

ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ!» አለች ሚጣ። ድምፅዋ ተጣድፏል። «ሻንጣዬን ዘጋሁት። መጽሐፎቼ አልገቡም፣ በእጄ እይዛቸዋለሁ። አክስቴ ስዘጋ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ማታ ትመጫለሽ አይደል? አልፈሻል፣ አይደል?»

«ሚጣዬ።»

«እእ?»

«ወድቄያለሁ። ካወቅኩ ቀናት ሆነኝ። አልነገርኩሽም እንጂ ወድቄያለሁ።»

ከወዲያ ማዶ የሳህን ድምፅ ተሰማ።

«ክፍሏስ?» አለች ልጅቱ።

«ልብስ ሰፊው ለሌላ ሰው ያከራያታል።»

«እሺ» አለች ሚጣ። በጣም ትንሽ «እሺ» ነበረች። «እሺ እማዬ፣ አታልቅሺ። እና ሻንጣውን ልፍታው? አክስቴ ሳትመጣ ልፍታው፤ ካየችኝ ትስቃለች።»

ተርጓሚ «ተይው፣ አንድ መላ አይጠፋም» ልትል አፏን ከፈተች። መላ አልነበራትም።

«ፍቺው የኔ እናት» አለች።

ስልኩ አልተዘጋም። ወለሉ ላይ የተቀመጠ መሰላትና ጆሮዋን አስጠጋች። የሻንጣው ዚፕ ቀስ እያለ፣ መሐል ላይ እየያዘ፣ እስከ ጫፉ ሲከፈት ሰማችው።