ምን ብዬ ልጥራት?

«ወንበር ጨምሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጡ!» አለች አንዷ ጎረቤት ከደጅ።

ኖምቩዞ ከአያቷ ጋር ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። አክስቷን ሉታንዶን የስኳር በሽታ ከገደላት አራተኛ ቀኑ ነው። አብረዋት ማኅበራዊ ሥራ የሚማሩት ልጆች ከምታታ ከተማ በታክሲ ተጭነው መጥተዋል። ከፊት ፓካሚሳን ስታየው ልቧ ድንግጥ አለ።

ባለፈው ወር መምህራቸው፣ «ወንድ ተብሎ ተወልዶ በሴትነት የሚኖር ሰው ቢሯችሁ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ፓካሚሳ፣ «ጸልዬለት እሸኘዋለሁ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኖምቩዞ አልሳቀችም፤ ግን አልተናገረችምም።

ያሳደገቻት ሉታንዶ እኮ እንዲያ ያለች ሰው ናት። የኖምቩዞ እናት ስትሞት ኬፕታውን ያለውን የፀጉር ቤቷን ዘግታ መጣች። በወላጆች ስብሰባ ላይ ባለ ረጅም ተረከዝ ቀይ ጫማዋን አድርጋ የፊት ወንበር ትይዝ ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት አፍጥጦ ቢያያት፣ «አባባ፣ ጫማዬ አምሮዎት ከሆነ የእግርዎን ቁጥር ይንገሩኝ» ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ሰውየውም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ዛሬ ጠዋት ግን የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ «ወንድማችን» እያሉ ሲጸልዩ አያቷ፣ የሉታንዶ እናት፣ የለበሰችውን ብርድ ልብስ ፊቷ ላይ ሳበች። እስካሁንም አልገለጠችውም።

አሁን የመጸለዩ ተራ የእንግዶቹ ነው። ፓካሚሳ የሰባኪ ልጅ ስለሆነ እሱን መረጡት። መጣና ኖምቩዞ አጠገብ ተንበረከከ።

«ደጅ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ። ምን ብዬ ልጥራት?» አለ በሹክሹክታ።

«ልጥራው» ሳይሆን «ልጥራት»። ኖምቩዞ ጆሮዋን ተጠራጠረች።

«እህታችን በል። አክስቴ ናት። ያን ቀን ክፍል ውስጥ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

«እንዲህ ያለች ሰው የአንዳችን ዘመድ ትሆናለች ብዬ መች አሰብኩ? አሁንም ሁሉም ነገር ገብቶኛል አልልሽም።»

«ሁሉም ይግባህ አላልኩም። ስሟን ብቻ አትንፈጋት።»

ተነስቶ ቆመ። «ጌታ ሆይ፣ እህታችን ሉታንዶን...»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፓካሚሳ ግን ደገመው፣ «እህታችን ሉታንዶን ተቀበላት።»

«አሜን!» አለች አያቷ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ።

«እማማ፣ ገና አልጨረሰም እኮ» አለች ኖምቩዞ።

«እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። እሱ ይቀጥል።»

ከጥግ እስከ ጥግ ሳቅ አፈተለከ፤ ፓካሚሳም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። አራት ቀን እምቢ ያለው የኖምቩዞ እንባ ያኔ መጣ። አያቷ ፊቷን ገለጠች። ከዚያም የብርድ ልብሱን ግማሽ በኖምቩዞ ትከሻ ላይ ደረበችላት።