ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ

ኳስ ሲነሳ ያቅለሸልሸኛል። በእግር የሚመታውን ማለቴ አይደለም፤ ያ አሜሪካኖቹ አቅፈውት የሚላተሙበትን፣ እንቁላል የመሰለውን ነው። ሰው "ምነው ዘሪቱ፣ ጨዋታ አይደል እንዴ?" ይለኛል። ጨዋታ! አንዲት ልጄን በወግ በማዕረግ እንዳልድር ያደረገኝን ነገር ጨዋታ ይሉልኛል።

ባሌን ኃይለማርያምን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ባሪ ሳንደርስን በክፉ አታንሱበት። እኛ በሱዳን በኩል ወጥተን መጀመሪያ ያረፍነው ዲትሮይት ነበር። ብርዱን ለጠላቴም አልመኝ። እሱ ፋብሪካ ገባ፣ እንግሊዝኛውንም የለመደው በምሳ ሰዓት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ጨዋታ እያየ ነው። ያኔ የዲትሮይት ራኒንግ ባክ፣ ማለትም ኳሷን ታቅፎ በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሃል እየተሹለከለከ የሚሮጠው ሰው፣ ባሪ ሳንደርስ ነበር። ባሌ ወደደው። ይውደደው፣ ምን ቸገረኝ፤ እኔም አብሬው አይቼ አጨብጭቤያለሁ። በኋላ፣ እኛ አትላንታ ከገባን ወዲህ፣ ሰውዬው ገና ጉልበቱ ሳይደክም፣ ትልቁን ሪከርድ ሊሰብር ትንሽ ሲቀረው፣ ለጋዜጣ ፋክስ ልኮ በቃኝ ብሎ ቀረ። አገር ሲያማው የእኔ ባል ፍቅሩ ጭራሽ ባሰበት። "በጤናው፣ በእግሩ ቆሞ ወጣ። ማንንም አልለመነም" ይላል። ይህችን ነገር ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል ሰምቻታለሁ። ልጃችን ቢታንያም አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ እየሰማቻት ነው ያደገችው።

ቢታንያ ዮናታንን ስታመጣልን ደስ አለኝ። በዲቪ መጥቶ ክላርክስተን አክስቱ ቤት ያደገ፣ እየሠራ ተምሮ ነርስ የሆነ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ዴንቨር ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ፌብሩዋሪ ላይ መጀመር አለበት። ስለዚህ ነገሩን ቆርጠነው ነበር። ሽማግሌ በጥቅምት ይመጣል፣ ጥምቀት እንዳለፈ ሠርግ ይሆናል፣ ከዚያ አብረው ይሄዳሉ። እኔ ያገባሁት ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነው፤ የመረቀኝ አባት የለም፣ እልል ያለልኝም የለም። ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ እሱም እጁን አንስቶ መርቋት፣ ከቤቴ እንድትወጣ።

የዮናታን አክስት ተናኘወርቅ ሽማግሌ ስትመርጥ "አነጋገር ያውቃል" ብላ አቶ ፍስሐን ጨመረችው። ከከተማው ማዶ ማሪዬታ ማደያ ያለው፣ ሱፍ የማይለየው ሰው ነው። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ዳላስ ብዙ ዘመን መኖሩን ማን ልብ ይላል? ሽማግሌ ሲመረጥ ስለ ፀባዩ ይጠየቃል እንጂ የማን ቲፎዞ እንደሆነ ተጠይቆ ያውቃል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊቶኒያ ቤታችን መጡ። ሦስት ነበሩ። አንደኛው አፉን ሳይከፍት የሄደ ስለሆነ ልተወው። ትልቁ አቶ አለማየሁ ናቸው፣ ከዘራ የያዙ ጨዋ አዛውንት። ኃይለማርያምን ቀደም ብዬ "ቴሌቪዥኑን አጥፋው" ብዬዋለሁ። "ድምፁን አጠፋልሻለሁ" አለኝ። ምናለ ያኔውኑ ገመዱን ነቅዬው በነበር!

ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ "ተቀመጡ" ሲባል "ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። ቆሙ። አቶ አለማየሁ ከዘራቸውን ተደግፈው "እንግዲህ አቶ ኃይለማርያም፣ ወይዘሮ ዘሪቱ፣ የመጣነው ለበጎ ነው፤ በእናንተ ቤት አንዲት ጨዋ ልጅ አይተን..." እያሉ ነገሩን ሲያሳምሩት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዕረፍት ሆነና በታሪክ ታላላቅ የተባሉ ራኒንግ ባኮች ፎቶ ይደረደር ጀመር። አቶ ፍስሐ ዓይኑን ጣል አደረገ። ከዚያ፣ ምላሱን በቆረጠልኝ፣ "አንደኛውማ የታወቀ ነው። የዳላሱ ኤሚት ስሚዝ" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

የባሌ ጆሮ ቆመ። "ይቅርታ አቶ አለማየሁ፣ አንድ ጊዜ። አቶ ፍስሐ፣ ምን አሉ?"

"ኤሚት ነው አልኩ። በሩጫ ብዙ ያርድ ያለው እሱ ነው። ትልቁን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሦስት ጊዜ ወስዷል። ሌላ ምን ይፈለጋል?"

"ለእሱማ ከፊቱ ያሉት ወፍራሞች ናቸው መንገድ የጠረጉለት። እነሱ ከጠረጉላት ዘሪቱም ታልፋለች።"

እኔን! በልጄ ሽምግልና ቀን ኳስ አስያዘኝ።

"ለባሪስ ማን ጠረገለት?" አለ ኃይለማርያም፣ ከመቀመጫው ተነስቶ። "ቡድኑን ለብቻው ነው የተሸከመው።"

"ሪከርዱ የማን ነው?"

"ቢቀጥል የማን ይሆን ነበር?"

አቶ አለማየሁ አንዱን ያያሉ፣ ሌላውን ያያሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ወይዘሮ ዘሪቱ፣ እነዚህ ልጆች የማን ናቸው? ልጅቷን ቀድሞ የጠየቃት ሰው አለ እንዴ?" አሉኝ። በስመ አብ! ምን ብዬ ልመልስላቸው?

በ"እርስዎ" የጀመሩት ሰዎች እኔ ዞር እስክል "አንተ" ተባብለዋል። "ቢቀጥል ትላለህ፣ አልቀጠለማ!" አለ ፍስሐ። "ጓደኞቹን በትኖ የጠፋ ሰው ነው። ግን አልፈርድብህም። በሱዳን በኩል ሲሮጥ ለመጣ ሰው፣ የሸሸ ሁሉ ጀግና ይመስለዋል።"

ኃይለማርያም በዚያ መንገድ ላይ ታናሽ ወንድሙን ቀብሯል፤ ፍስሐ ያንን አያውቅም፣ ግን ማወቅ ነበረበት እንዴ? ሰው ሊለምን መጥቶ ይሳደባል?

"ከቤቴ ውጣ" አለ ባሌ።

ወጡ። አንዳቸውም ሳይቀመጡ። ሳምንቱን ሙሉ ደፋ ቀና ያልኩበት ምግብ ክዳኑ እንኳ አልተነሳም። መተላለፊያው ላይ ቢታንያ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ እስክትጠራ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ገብታ ልብሷን ቀይራ መጣችና ምግቡን ፍሪጅ ውስጥ ታስገባ ጀመር።

ስለ ሱዳኑ ባሌ ቢቆጣ አልፈረድኩበትም፤ እኔም ደሜ ፈልቷል። የሚያስጠላው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። አቶ አለማየሁ ምስኪን፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሰው እየለመኑ መኪና እያስነዱ፣ ከሊቶኒያ ማሪዬታ፣ ከማሪዬታ ሊቶኒያ ተመላለሱ። ለሽማግሌ ሽማግሌ መሆናቸው ነው። አንድ ቀን ደስ ብሏቸው መጡ። "ፍስሐ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው" አሉ።

"ስለ ምኑ?" አለ ባሌ።

"ስለ ሱዳኑ ነዋ። ጉልበትህ ላይ እወድቃለሁ ብሏል።"

"ስለ ሱዳኑማ ትቼለታለሁ። ስለ ባሪስ?"

አቶ አለማየሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ስለዚያ... ስለ ሱዳን ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስለ ኤሚት ስሚዝ ግን እግዚአብሔር እያየኝ ሐሰት አልናገርም ብሏል።"

"እንግዲያው ይቅርበት" አለ ባሌ።

ቱ! ወንድሙ የተቀበረበትን በረሃ ይቅር ያለ ሰው፣ ኳስ አቅፎ ለሚሮጥ ለማያውቀው ሰው ይቅር አልልም አለ። ቀን የምውለው ዴይኬር ውስጥ ነው፤ የሦስት ዓመት ሕፃናት በአንድ አሻንጉሊት ሲጣሉ አሻንጉሊቷን ወስጄ ሣጥን ላይ አስቀምጣለሁ፣ ይረሱታል። እነዚህን ምን ሣጥን ላይ ላስቀምጣቸው?

ተናኘወርቅ "ሌላ ሽማግሌ እንላክ" ብትል "የሰደበኝ እሱ ነው፣ የሚክሰኝም እሱ ነው" አለ ባሌ። ጭራሽ ነገሩ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ቅዳሴ ሲወጣ ወንዶቹ ፓርኪንግ ላይ ለሁለት ተከፍለው ይሟገታሉ፤ እነዚህ ኤሚት፣ እነዚያ ባሪ፣ አንዱ ደግሞ መሃል ገብቶ ሁለቱም ጂም ብራውንን አያክሉም ይላል። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ! ስለ ልጄ የሚያነሳ አንድ ሰው የለም። እንደሱ ሲጮኹ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አያለሁ።

እኔው ለፍስሐ ደወልኩለት። "ወንድሜ፣ አንድ ቃል ናት። ባሪ ይበልጣል በለው፣ በልብህ ደስ ያለህን ያዝ።"

"እትዬ ዘሪቱ፣ ሕሊና የሚባል ነገር አለ እኮ" አለኝ።

ሕሊና! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ቢታንያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አባቷን ያናገረችው። ከሥራ መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "አባዬ፣ እነሱ እኮ የመጡት ለእኔ ነበር።"

"አውቃለሁ የእኔ ልጅ። ክብር ነው ግን።"

"የማን ክብር?"

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰው ሲወድቅ አባቷ "አይ!" አለ። እሷ ተነስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለችም። እኔም ቀዘቀዘላት ብዬ፣ ጾሙ ይግባ፣ ጾሙ ይውጣ፣ እሱም ይበርድለታል እያልኩ ቀሚሷን እንዳሰፋሁ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅዬ ጠበቅኩ። ገና አለፈ። ጥምቀትም አለፈ።

ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ የከተማችን ቡድን ፋልከንስ ለሱፐር ቦውል ለማለፍ የሚጫወትበት ቀን ነበር። ከተማው ሁሉ አብዷል፤ ኃይለማርያምም ቀይ ማሊያ ለብሶ ሶፋው ላይ ተሰይሟል። ቢታንያና ዮናታን ገቡ። እሷ ጂንስ ለብሳለች። መጥተው ምንጣፉ ላይ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኳቸው።

"አንቀመጥም እማዬ" አለች። ጣቷ ላይ ቀለበት አየሁ።

"ዓርብ ዲኬተር ኮርት ሄደን ተፈራረምን" አለች። "ዕቃችንን ሎድ አድርገናል። አሁን ወደ ዴንቨር መንዳት ልንጀምር ነው።"

ኃይለማርያም ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። "ሳትነግሪኝ?" አለ። "ለአባትሽ ሳትነግሪ?"

"ሦስት ወር ዌይት አደረግኩ አባዬ።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር። "ራስህ እኮ ነህ ያስተማርከኝ። በጤናዬ፣ በእግሬ ቆሜ ወጣሁ። ማንንም አልለመንኩም።"

ዮናታን አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ አባባ" አለ። ጎንበስ ብሎ የባሌን ጉልበት ሊስም ሲል ቢታንያ ክንዱን ያዘችው፣ ቀና አለ። እኔን አቅፋ ሳመችኝ፣ ጉንጯ እርጥብ ነበር። አባቷንም ግንባሩን ሳመችው። እሱ እጁን ግማሽ ድረስ አንስቶ ነበር። ለመምረቅ ይሁን ለመያዝ አላውቅም፣ ሳይጨርሰው እነሱ በር ላይ ደርሰዋል።

ወጥ ቤት ሮጬ ድፎ ዳቦዬን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብተዋል። በመስኮት ሰጠኋት። "ሳልመርቅሽ?" አልኳት። "መርቂኛ እማዬ" አለችኝ። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ምርቃት ጠፍቶኝ፣ ዝናብ ውስጥ ቆሜ "በደህና ንዱ" ብቻ አልኩ። ሄዱ።

ስመለስ ኃይለማርያም እዚያው ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው በደስታ ይጮኻል።

"ቢነግራቸው ምን ነበረበት?" አለ።

"ማን?"

"ባሪ። ቀደም ብሎ ቢሰናበታቸው። እነሱም እኮ ሰዎች ናቸው።"

አሁንም ኳስ! ልጅህ ሄደች እኮ አንተ ሰው፣ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣ ግን ዓይኑ አሁንም በሩ ላይ መሆኑን አየሁና ተውኩት። ስልኩን አነሳ። ኡበር ስለሚሠራ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው የሚያወራው።

"ፍስሐ" አለ። "ልክ ነህ። ኤሚት ነው።"

ፍስሐ መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ በደስታ ጮኸ። "አላልኩህም! አላልኩህም እኔ! ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያምን ነው ደስ የሚለው። እኔም ስለ ሱዳኑ ከልቤ ይቅርታ። በል አሁን ይኼን ነገር እንርሳው። ለልጅቱ መቼ እንምጣ?"

ኃይለማርያም ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እኔን ይለምናል።

"ንገረው እንጂ" አልኩት። "ቀጠሮ ስጠው።"