አያ ብረቱ ባሕር የገባበት ክፍል

ባለፈው ወር ከእናቴ ጋር የታጠበ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ድንገት እጇ ቆመ።

«ድምፁ ጠፋብኝ» አለችኝ።

«የማን ድምፅ?»

«የወንድምሽ ነዋ! ፊቱ ፎቶው ላይ አለ። ድምፁ ግን ሄደ፤ ብፈልግ ባስስ የለም። ነገ ተነገ ወዲያ ስሞት እዚያ ማዶ ሆኖ ቢጠራኝ በምን አውቀዋለሁ?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «ድምፁማ አለ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አለ፤ አመጣልሻለሁ» አልኳት። እሷም እጄን ይዛ «ማይልኝ» አለችኝ፤ ማልኩ።

የምሠራው በቴሌቪዥን ጣቢያ ካሴት ክፍል ውስጥ ነው። የድሮ ካሴቶችን ሻጋታ በአልኮልና በፋሻ እየጠረግሁ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። አባቴም ያረጀው እዚያው ቤት ነው፤ የፊልም ትርጉም አንባቢ ነበር። ያኔ ለአንድ ፊልም አንድ አንባቢ ብቻ ነው የሚመደበው። ጀግናውም እሱ ነው፣ ጠላቱም እሱ ነው፣ ውሻውም እሱ ነው። ባልደረቦቹ «አንድ ለሁሉ» ይሉት ነበር። ፕሮፌሰሩን አፍንጫውን ይዞ፣ ክፉውን ንጉሥ ብርጭቆ ውስጥ እያወራ ያነበዋል። የልዕልቷን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በልጆች ፕሮግራም ከሚያነባቸው አንዱ ከጃፓን የመጣ የሮቦት ካርቱን ነበር። የሮቦቱ ስም ረጅምና ምላስ የሚያስር ስለሆነ እኔና ወንድሜ «አያ ብረቱ» አልነው። ቁመቱ ከፎቅ ይበልጣል፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ድሮ ባቡር የሚንተከተክ ማሞቂያ አለው። ታሪኩ በሩቅ ዘመን ነው ይባላል። ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት ስልክ ልክ እንደ ቤታችን ስልክ በጣት የሚሽከረከር ነው። አያ ብረቱን ደረቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚነዳው የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ወንድሜም አስራ አንድ ዓመቱ ነበርና ካርቱኑ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ይመስለው ነበር።

እኔ ከሁሉም የምወደው አስራ ዘጠነኛውን ክፍል ነው። የባሕሩ ወለል ይሰነጠቃል፤ ውሃው ከተማዋን ሊውጣት ሲል አያ ብረቱ ባሕር ይገባል። ጉልበቱ ድረስ፣ ወገቡ ድረስ፣ ደረቱ ድረስ እያለ ይሰምጥና ስንጥቁን በጀርባው ይደፍናል፤ ልጁ ውስጡ ነው። በዚያ ክፍል ልጁን ያነበበው ወንድሜ ነው፤ እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። አባቴ ስቱዲዮ ይዞት ሄዶ ይሆናል። ቅዳሜ ደግሞ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ሆነን አየነው። እሱ በግራዬ ነበር፤ የራሱን ድምፅ ሲሰማ ሶፋውን በተረከዙ ይደበድባል። ፍርድ ቤት ቢወስዱኝ ይህንኑ እመሰክር ነበር።

ወንድሜ በዚያው ዓመት ከከተማችን ወጣ ብሎ ባለው ግድብ ውስጥ ሲዋኝ ሰጥሞ ሞተ። እንዲሄድ የፈቀደለት አባቴ ነው። እናቴ በቀብሩ ማግስት «አንተ ነህ የላክኸው» አለችው። ከዚያ አባቴ እስኪሞት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ «ምሳ ቀርቧል»፣ «ሰው ይፈልግሃል» ከማለት ያለፈ ቃል አልተነፈሰችለትም። ያን ሰሞን ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ውሃው በርዶት ይሆን?» ምን ብለው ይመልሱላታል? ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። አባቴም ይደፋል።

ካሴቱን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብኝ። ማኅደሩ ላይ የቁጥጥር ክፍሉ ሰውዬ በቀይ እስክሪብቶ «የንባብ ክፍተት አለ። አንባቢው ጽሑፍ ጠፍቶበታል» ብሎ ጽፏል። አባቴ ጽሑፍ የሚጠፋበት ሰው አልነበረም። ገርሞኝ ካሴቱን አስገባሁት።

በጣቢያችን ደንብ አንባቢው ምስሉ ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩንና ቀኑን ወደ ማይክሮፎኑ ይናገራል፤ ይህ ለተመልካች አይተላለፍም። አባቴ በዚያ ወፍራም ድምፁ «ቁጥር አስራ ዘጠኝ» አለና ቀኑን ተናገረ። አቆምኩት። መልሼ ሰማሁት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ወረቀት አውጥቼም ቆጠርኩ። ወንድሜ ከተቀበረ ሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ወንድሜን ሆነ።

ያው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር አየር የሚስብ፣ ሲጨርስ የሚሰነጠቅ። ጊዜው ገና ከምሳ በኋላ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፣ ኮሪደሩ ላይ ባልደረቦቼ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን ወደ ግራዬ መዞር ፈራሁ። ያን ቅዳሜ አጠገቤ የተቀመጠው ታዲያ ማን ነበር? ያ ተረከዝስ የማን ነው?

አያ ብረቱ ባሕር ሲገባ የልጁ አፍ በጭንብል ተሸፍኗል። ዋናውን የጃፓንኛ ድምፅ ለብቻው ከፍቼ አዳመጥኩ፤ ሞተርና ውሃ ብቻ ነው፣ የሚናገር ሰው የለም። አባቴ ባነበበው ላይ ግን ልጁ «እማዬ» ይላል። ከዚያ ስድስት ሰከንድ ዝምታ። «ውሃው አይበርድም» ይላል። ቀጥሎ እንደገና «እማዬ»፤ እንደገና ስድስት ሰከንድ። በካርቱኑ ውስጥ ልጁ እናት የለውም፤ ያሳደገው ፕሮፌሰሩ ነው። አባቴ ጽሑፍ አልጠፋበትም። መልስ እየጠበቀ ነበር።

ወዲያው ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ያን ቅዳሜ አባቴ እናቴን «ዛሬ እንኳ ካርቱኑን እይው» ብሏት ነበር። እሷ ግን «የልጄ አፈር ሳይደርቅ ሰውዬው ካርቱን ይጫወታል» ብላ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃት።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን ብነግራት የለመነችኝን ድምፅ ነጠቅኋት ማለት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የዘጋችውን ሰውም በላይዋ ላይ ልጭንባት ነው። ልዋሻት ወሰንኩ። ቁጥሩና ቀኑ የሚነበብበትን ቆርጬ ጣልኩና የወንድሜ ድምፅ ነው ብዬ ይዤላት ሄድኩ።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ዓይኗን ሞራ ስለሸፈነው ምስሉ በደንብ አይታያትም፤ ኮምፒውተሩን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ ከፈትኩት። ልጁ ገና የመጀመሪያውን ቃል ሲል ቀና አለች፤ እኔም አቆምኩት።

«ይሄ አባትሽ ነው።»

«ኧረ እማዬ፣ ልጅሽ እኮ ነው! አባዬ ስቱዲዮ ይዞት ሄዶ...»

«አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው የምታሞኚው? የባሌ ትንፋሽ ነው የሚጠፋኝ?»

ያን ጊዜ ተሸነፍኩ። ቀኑን፣ የማኅደሩን ጽሑፍ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ማቆም ሲገባኝም አላቆምኩም። «ላንቺ ነው የተናገረው። ጥለሽው ወጣሽ እንጂ» አልኳት። ምነው ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ምላሴን በነከስኩት።



«እንግዲያው የልጄ ድምፅ የለም ማለት ነው» አለች እናቴ።

«የለም፣ እማዬ።»

«እሺ። ልቀቂው።»

ለቀቅሁት። የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደና ውሃው ብቻ ቀረ። «እማዬ» አለ። የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ስድስቱ ሰከንድ ግን ቀድሟት አለፈ። «ውሃው አይበርድም» አለ። የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። «እማዬ» አለ እንደገና።

እናቴ እኛ ልጆቿ ስንጠራት የምትመልሰው «ወዬ» ብላ ነው። «አቤት» የምትለው ለአባቴ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፣ ወንድሜ ሳይሞት።

ወደ ድምፁ ጎንበስ ብላ «አቤት» አለች።