የስም ዝርዝሩን ያሳመረው መምህር

ስሙን ሦስት ጊዜ አነበበው። ገጹን ዘግቶ እንደገና ከፈተው፤ ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ እስኪጭነው ጠበቀ፤ አሁንም ያው ነው። በኮምፒውተሩ ቀኝ ጠርዝ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ሥር የተጻፈው የራሱ ስም ነው። በዚያ ሰዓት ከቦታቸው ያነሣቸው አርባ ስድስት የተማሪ ስሞች ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተቀብተው ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል።

የጂኦግራፊ መምህሩ ክው አለ። ደግነቱ የመምህራን ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም፤ ሁሉም ለአንድ አንጋፋ መምህር ሽኝት አዳራሹን ሊያሰናዱ ወርደዋል።

በትምህርት ቤቱ "ደመናው" ነው የሚሉት። የማርኩን መዝገብ፣ የትምህርት ዕቅዱን፣ የቤት ሥራውን ሁሉ ከወረቀት አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ያወጣው እሱ ነዋ። "ፋይሉ የት ገባ?" ሲሉት "ደመናው ላይ ነው" እያለ፣ የኢንተርኔቱን ማከማቻ ማለቱ ነው፣ ሲመልስ ስሙ ተለጠፈበት። እሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም ሆዱ ደስ ይለው ነበር። በየዓርቡ ለመምህራኑ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሊጨርስ ሲልም የማይለውጣት ንግግር አለችው። "አንድ ነገር ሲበላሽ ዝም ብላችሁ ሰው አትውቀሱ። የለውጥ ታሪኩን ክፈቱ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል።"

ሰኞ ይህንኑ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ሊያሠለጥን ነው። ለዚያ የሚሆን ምሳሌ ሲፈልግ ነው ዛሬ ያን የተበላሸ የሒሳብ ማርክ መዝገብ የከፈተው፤ ጋሼ መዝገብ አበላሹት የተባለውን።

ጋሼ መዝገብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። አንድ ትልቅ ጥቁር መዝገብ ከብብታቸው ስለማይለይ ተማሪ ያወጣላቸው ስም ነው። በሥልጠናው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሚነካውን ቦታ ሁሉ በወረቀት እየጻፉ ተማሩ። ከዚያም በኋላ ማርኩን መጀመሪያ በመዝገባቸው ያሰፍሩና ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጡታል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድርብ ሥራ ነው" ይላቸዋል ደመናው።

"እኔን ካልሰለቸኝ አንተን ምን አሳሰበህ?" ይሉታል።

ከስምንት ወር በፊት፣ ሪፖርት ካርድ በተሰጠ ማግስት፣ አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጣ። "ልጄ በሒሳብ ከዘጠና ወርዳ አታውቅም፤ ሠላሳ ስምንት ብላችሁ ትልኩብኛላችሁ?" አለ። ሲታይ የክፍሉ ማርክ በሙሉ ተዘበራርቋል። ካርዱ የተስተካከለው በዚያው በጋሼ ጥቁር መዝገብ ነበር፤ ጥፋቱ ግን እሳቸው ላይ ቀረ። ማርኩን የሞሉት እሳቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋው እሳቸው፤ ሌላ ማን ይጠረጠራል? ደመናው በስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ "ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ እጅዎ እየሳተ ነው። ይሄ ነገር ለእርስዎ አልሆነም" አላቸው። የረዳቸው መስሎት ነበር። ሌላውን ሁሉ "ታሪኩን ክፈቱ" የሚለው ሰውዬ ያን ቀን እሱ ራሱ አልከፈተም። እርግጠኛ ነበራ።

አሁን ቀስ እያለ ትዝ አለው። ካርዱ ሊታተም አንድ ቀን ሲቀረው "ዝርዝሩን ላሳምረው" ብሎ፣ የስሞቹን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ አሰለፈው። ስሞቹ ቦታ ሲቀያየሩ ማርኮቹ ካሉበት አልተነቃነቁም። የአንዱ ማርክ ለሌላው ሆነ። አዲስ ሠልጣኝ የሚሠራው ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት "ይህን እንዳታደርጉ" ብሎ የሚያስጠነቅቀው።

"ደመናው፣ ፎቶዎቹን አዘጋጀህ?" በሩ ላይ ርዕሰ መምህሯ ናቸው። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀምራለን። የጋሼ ልጅም ትመጣለች።"

ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረው። ቆመው አነበቡ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት።

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው ስማኝ። የልጆቹ ካርድ ተስተካክሏል፤ የተጎዳ ተማሪ የለም። ጋሼ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው በቃኝ ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ኬካቸውን ቆርሰው በሰላም ይሂዱ። ሰኞ እንግዳ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ፤ የትምህርት ቤቱም ስም አለ።"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸው ረስተውታል" አሉና ወጡ።

ይህችን ቃል ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። ለትንሽ ጊዜ ተቀመጠም፤ እንግዲህ ሰው ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን አቅፎ ወደ መጻሕፍት ክፍሉ ወረደ። ጋሼ መዝገብ ከዚያ ስብሰባ በኋላ "ከተማሪ አርቁኝ" ብለው መጻሕፍት ሲያስረክቡና ሲረከቡ የከረሙት እዚያ ነው። አሁንም ቆመው ይቆጥራሉ።

"ጋሼ፣ የምነግርዎ ነገር አለ።"

"ቁጥሬን ልጨርስ። ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የምቆጥረው። ራሴን አላምነውም።"

ጨረሱ፤ ጻፉ፤ ወደ እሱ ዞሩ። ደመናው ኮምፒውተሩን መጻሕፍቱ ላይ አስቀምጦ ነገራቸው። ነገሩን ላሽሞንሙነው ቢልም ምላሱ እምቢ አለው፤ እንዳለ አወጣው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ገጹ ጎንበስ አሉ።

"ይሄ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ከዚህ በፊት የነበረውስ? አንተ ሳትነካው?"

የቀደመውን ገጽ ከፈተላቸው። ጋሼ ጥቁሩን መዝገብ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ጣታቸውን እያስኬዱ፣ ስም በስም፣ ማርክ በማርክ አመሳከሩ። አርባ ስድስቱንም። ደመናው ፈተናው ፊቱ እንደሚታረምበት ተማሪ እጁን አጣምሮ ጠበቀ።

"አንድም አልሳትኩም" አሉ ጋሼ። መነጽራቸውን አውልቀው ወንበር ፈለጉና ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ከዚያ ስብሰባ በኋላ" አሉ እሱ እንዳልተናገረ ሁሉ፣ "የሰፈር ልጆች ማስጠናቴን ተውኩ። ስሕተት እንዳላስተምራቸው ብዬ። ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጭንቅላትዎ ደህና ነው አለኝ። አላመንኩትም። አንተን ነበር ያመንኩት።"

ደመናው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"የቤቴን ቁልፍም ልጄ ያዘችው" ቀጠሉ። "በሩን ክፍት ጥሎ ይሄዳል ብላ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ሰጠኋት። ስወጣ ስገባ እሷን እጠብቃለሁ።"

"ማመልከቻዎን እናስመልሰው። አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ።"

"ተፈርሟል እኮ። በእኔ ቦታ የተቀጠረችውን ልጅ ልታስወጣት ነው?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይሆንም። ለመምህራኑም ተወው፤ ሰኞ ሥራ አለብህ። ለልጄ ብቻ አሳያት። እሷ ትወቅ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉትም። መዝገባቸውን ዘግተው እንደ ድሮው ብብታቸው ውስጥ አደረጉት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ፊት ለፊት ኬክ፣ ከኋላ ለስላሳ፣ ግድግዳው ላይ የፕሮጀክተሩ ነጭ ብርሃን። ጋሼ መዝገብ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛቸው ገቡ።

"አባዬ ቀስ፣ እዚህ ጋ ደረጃ አለ" አለቻቸው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የወጡበት የወረዱበት ደረጃ ነው። ደመናው ይህን ሰማ። ለልጅቷ ብቻ፣ ወደ ጥግ ወስዶ፣ በሹክሹክታ ሊያሳያት ነበር ያሰበው። ግን እሱ "እጅዎ ሳተ" ያለው ጥግ ይዞ አልነበረም።

"አሁን የጋሼን ትዝታዎች በፎቶ እናያለን" አሉ ርዕሰ መምህሯ።

ደመናው ገመዱን ሰካ። ግድግዳው ላይ የወጣው የማርክ ሰንጠረዥ ነበር፤ ከጎኑም ቀኑና ሰዓቱ፣ የእሱም ስም።

"ፎቶዎቹን" አሉት ርዕሰ መምህሯ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይደርሳሉ" አለና ወደ ሰዉ ዞረ። "ይሄ የዛሬ ስምንት ወር የተበላሸው የሒሳብ ማርክ ነው። ያበላሹት ጋሼ አይደሉም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስሜ ያውላችሁ፣ አንብቡት። ያን ቀን እዚሁ ቆሜ እጅዎ ሳተ አልኳቸው፤ የሳተው የእኔ ነው።"

ከኋላ አንዱ የለስላሳ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ታዲያ አባዬ አልነበረም?" አለች ልጃቸው።

"አልነበሩም እህቴ። እሳቸው የሞሉት አርባ ስድስቱም ልክ ነበር።"

ልጅቷ አባቷን አየች። እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ነበር። ክንዳቸውን ለቀቀች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የቁልፎቿን ቀለበት አወጣችና አንዱን ቁልፍ በጥፍሯ ማላቀቅ ጀመረች። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ እምቢ አላት።

ርዕሰ መምህሯ ለደመናው በዓይናቸው "አጥፋው" አሉት። የሰኞው ሥልጠና እንደማይሆንለት ከፊታቸው አነበበ። እጁን ኪሱ ከተተ። ጋሼ መዝገብ ቁልፋቸውን በእጃቸው እስኪጨብጡ ድረስ ገጹን አልዘጋውም።