ሳቋን ያላየንበት ቀን

«የእህቴ ልጅ ሳቀች!» ብሎ ኬክ ገዝቶ የመጣ አጎት አለኝ። እየቀለድኩ አይደለም። ኬኩ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ ላዩ ላይ በነጭ ክሬም «እንኳን ደስ አለሽ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያ ኬክ ምን ያህል እንዳስከፈለን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እኔና ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊዎች ነን። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለች ባለ አንድ በር ሱቅ የእኛ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ክፍል፤ ያለን ይኸው ነው። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ሥራውን የተከፋፈልነው በጠባያችን ነው። መቁረጥ ትዕግስት ይፈልጋል፤ ትዕግስት ሲታደል ደግሞ እኔ ሌላ ቦታ ስጨቃጨቅ ነበርኩ። እሷ ጨርቁን ዘርግታ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ እንደገና ለክታ ነው መቀሱን የምታነሳው። ሁልጊዜም ከስፌቱ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ትተዋለች። «ጨርቅ ጨረስሽ እኮ» ስላት፣ «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይከፋዋል። ለዚህ ሁሉ ቦታ ይተውለት እንጂ» ትለኛለች።

ሳቋን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ልትይዘው ትታገልና በአፍንጫዋ በኩል አንዲት ድምፅ ታመልጣታለች። ያቺ ድምፅ ካመለጠች በኋላ እህቴን የሚያቆማት የለም፤ መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው።

ከስምንት ወር በፊት ያ ሳቅ ጠፋ። ማንም አልሞተብንም፣ ማንም አልከዳትም። ብቻ ቀስ በቀስ መቀሱን እንደያዘች ጨርቅ ላይ ፈዛ መቅረት ጀመረች። የምትወደውን ምግብ ሳቀርብላት «ጥሩ ነው» ትላለች፣ ወረቀት የምታላምጥ ይመስል። ሐኪሟ ድባቴ ነው አለችን። መድኃኒት ሰጠቻት፣ በየሳምንቱ እየመጣች እንድታነጋግራት ቀጠረቻት፣ እኛን ደግሞ በከፋባት ቀን ብቻዋን እንዳትተዋት ብላ አስጠነቀቀችን። እኔ ሞኟ ሐዘን መስሎኝ ነበር።

«ማነው ያስከፋሽ? ንገሪኝና ልክ ላስገባው» አልኳት።

«ማንም። ሐዘን ቢሆንማ አንድ ነገር ነበር» አለችኝ። «ምንም አይሰማኝም።»

ልክ የማስገባው ሰው አለመኖሩ አንጀቴን አሳረረው።

በአምስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ጮኸ። እማዬ ቸኩላ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አነሳችና ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለች። የእህቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ያቺ ድምፅ በአፍንጫዋ አመለጠች።

እኔ የያዝኩትን ሳህን ጥዬ «ሳቀች!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ እውነተኛውን ስልክ አንስታ ለወንድሟ ደወለች፤ እሱ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለእህቶቿ። እኩለ ቀን ላይ አጎታችን ኬኩን በሁለት እጁ አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። እህቴ ኬኩን ያየችው ከፍርድ ቤት መጥሪያ እንደደረሰው ሰው ነው። ጽሑፉን አነበበች፣ አመሰገነች፣ ቁራሿን ሳትነካ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ አልተነሳችም። ብርድ ልብሱን እስከ ፀጉሯ ድረስ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራለች። እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩና እስከ ዛሬ የምጸጸትበትን ነገር ተናገርኩ።

«ትናንት ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ፊት መሳቅ ቀረ። እኔ በሽታው ባሰባት ብዬ አዘንኩ፤ ሌላ ነገር አልጠረጠርኩም።

አንድ ቀን ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ከመጋረጃው ጀርባ ያቺ የአፍንጫ ድምፅ ጆሮዬ ገባች። ዘልዬ መጋረጃውን ገለጥኩት። እህቴ ሜትር ይዛ ተንበርክካለች፤ ፊት ለፊቷ የማዶው ባንክ ጥበቃ ቆሟል። ይህ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚለካ ሰው ነው። እንደሱ ያሉ ደንበኞች ብዙ ናቸው፤ እህቴ ዘዴያቸውን ታውቀዋለች። አንዴ ትለካና ስለ ልጁ ትጠይቀዋለች። ስለ ልጁ ሲያወራ ራሱን ይረሳል፣ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያኔ እውነተኛውን ልክ ትጽፋለች። አሁንም ያሳቃት ይኸው ሆዱ ነበር። እኔን ስታይ ግን ፊቷ ወዲያው ተዘጋ። ሜትሩን ጠቅልላ ተነሳች።

ለባንክ ዘበኛ ትስቃለች፣ ለእኔ ለእህቷ ፊቷን ትዘጋለች። ቅናት ያዘኝ፤ ምን እዋሻለሁ። ሰውዬው እስኪወጣ እንኳ በግድ ነው የጠበቅኩት።

«እኔ ምን በደልኩሽ?» አልኳት።

«ክፍል ተከራይቻለሁ። ወሩ ሲያልቅ እገባለሁ» አለችኝ።

የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ያለ የሌለ ቃል አውጥቼ ጮህኩባት፣ ለመንኳት፣ እንደገና ጮህኩባት። እሷ እስክጨርስ ጠብቃ፣ በስምንት ወር ውስጥ ካወራችው ሁሉ የረዘመውን ነገር አወራችኝ።

«ሳቅ ስል ዳነች ትላላችሁ። አልዳንኩም እኮ፣ እታለም። ሳቁም እውነት ነው፣ በሽታውም እውነት ነው። ሁለቱም እኔ ውስጥ ነው የሚያድሩት። በነጋታው መነሳት ሲያቅተኝ ግን እንዳታለልኳችሁ አድርጋችሁ ታዩኛላችሁ። ስለዚህ አሁን ደስ ሊለኝ ሲል እፈራለሁ። ደስታዋ ስትመጣ ትታወቀኛለች፤ ሳትወጣ አፍናታለሁ።»

«ለምን ታፍኛታለሽ?»

«ትንሽ ናታ። እንደ እንግዳ ብቅ ነው የምትለው። እናንተ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ እንዳትሄድ በር ትቆልፉባታላችሁ። እንደዚህ ያለ ቤት ማን ተመልሶ ይመጣል?»

አፌን ያዝኩ። ጉድ ነው፤ እኔ አፌን ያዝኩ።

«እዚያ ብቻሽን ሆነሽ በሽታው ቢጥልሽስ?» አልኳት ቆይቼ።

የጠቀለለችውን ሜትር ፈታ እንደገና ጠቀለለችው። እሷም እንደምትፈራ ያኔ ገባኝ።

«ሁለት ሳምንት ይቀርሻል» አልኳት። «ብትስቂ እንዳላየን ብንሆን ትቆያለሽ?»

«አትችሉም» አለች። «እማዬ አትችልም። አንቺማ ጭራሽ።»

የዚያኑ ዕለት እማዬን አስቀምጬ ሕጉን ነገርኳት። ልጅሽ ብትስቅ አላየሽም፣ ብታንጎራጉር አልሰማሽም፣ በማግስቱ ብትተኛ አልገረመሽም።

«የወለድኳት ልጅ ስትስቅ እንዴት ብዬ ነው የማላየው?» አለች እማዬ።

«ዓይንሽን ስበሪ።»

«እፈነዳለሁ።»

«ወደ ውስጥ ፈንጂ።»

ለአጎታችን በስልክ ነገርኩት። «ኬክም የለም ማለት ነው?» አለኝ። ዳቦም የለም አልኩት።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እኔ ነኝ የማውቃቸው። አንድ ቀን በካውያ ልብስ ስትተኩስ አንጎራጎረች፤ የስፌት መኪናዬን አስጮህኩበት። ሌላ ቀን መስኮቱ ላይ የተኛችውን ድመት አይታ ፈገግ አለች፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የሱቃችንን ግድግዳ እንደዚያ ሰሞን አውቄው አላውቅም፤ ሦስት ስንጥቅ አለው። በመካከሉ ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። የባንኩ ጥበቃ ለአዲስ ሱሪ የመጣው ከሁለቱ በአንዱ ስለሆነ እኔው ለካሁት፣ እኔው ቆረጥኩት። እንደ ልማዴ ተቻኩዬ ነበር። ስለ ልጁም አልጠየቅኩትም፣ የሁለት ጣቱን ትርፍም አልተውኩም።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰውዬው ሱሪውን ሊወስድ መጣ። እማዬ ሻይዋን ይዛ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እህቴ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማለች። እኔ የሰው ኮት እየሰፋሁ ነው። ሰውዬው ሱሪውን ለብሶ ከመጋረጃው ወጣ። ትንፋሹን ይዟል፤ ዓይኑ ፈጧል።

«ልክ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

እህቴ ሱሪውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ልጅዎ እንዴት ናት?» አለችው።

የሰውዬው ፊት በራ። «ፈተናዋን አለፈች እኮ» ብሎ ሊጀምር ትንፋሹን ለቀቀ። የሱሪው ቁልፍ ተስፈንጥሮ ካውያውን መታና እማዬ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለ።

የእህቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እማዬ አየች። ማየቷን እኔ አየሁ። እማዬ ዓይኗን ከልጇ ላይ ነቅላ ግድግዳው ላይ ተከለች፤ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ብርጭቆውን አነሳችና ሻዩን መጠጣት ጀመረች። ጠጣች፣ ጠጣች፣ ቁልፉ ጥርሷን ቀጭ አደረገው። ከአፏ በሁለት ጣት አውጥታ አየችው።

«ስኳሩ አልሟሟም» አለች፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ።

ያቺ የአፍንጫ ድምፅ አመለጠች። እህቴ ጠረጴዛውን ይዛ ወረደች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የቤታችንን ሕግ የማያውቀው ምስኪን ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ «ይቅርታ፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል። እኔ አንገቴን መኪናው ላይ ደፍቼ ሰፋሁ። የማየውን አላይም፤ ብቻ እግሬ ይረግጣል። ዘልዬ ላቅፋት ፈለግኩ፣ ለአጎቴ ልደውል ፈለግኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መንገድ ላይ ልሮጥ ፈለግኩ። ሰፋሁ።

ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች። እማዬ ኮስተር እንዳለች ወደ መለኪያ ክፍል ገብታ መጋረጃውን ሳበች፤ እዚያ ውስጥ አፏን በጨርቅ አፍና ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ ኮቱን ከመኪናው ሳወጣው የአንዱን እጅጌ አፍ ድፍን አድርጌ ሰፍቼዋለሁ። እህቴ መጥታ አየችው። ምንም ሳትል የስፌት መፍቻዋን ፊቴ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ አልተነሳችም።

እንደማትነሳ አውቄ ነበር፤ ማወቄ ግን አልጠቀመኝም። በሩ ላይ ቆሜ ብርድ ልብሱን፣ ወደ ግድግዳው የዞረውን ጀርባዋን ሳይ ያ የተረገመ አረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። «ትናንት…» ዋጥኩት። ሄጄ የሰውዬውን ሱሪ፣ መርፌና ክር አመጣሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትርፍ ስላልተውኩለት ወገቡ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ቀጥዬለታለሁ፤ የቀረው ቁልፉ ነበር። ዝም ብዬ መትከል ጀመርኩ።

ብዙ ቆይታ «እታለም» አለች ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

«ወዬ።»

«ትናንት እማዬ ያን ሻይ ስትጠጣው…»

«የቱን ሻይ?»

ብርድ ልብሱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ውሸታም» አለች።

መርፌዬን ቀጠልኩ።

«ዛሬ መነሳት አልችልም።»

«አትነሺ።»

«የትናንቱም ግን እውነት ነበር።»

«እሺ።»

መንገዱ ላይ መኪና አለፈ። እማዬ ኩሽና ውስጥ ሳህን እንዳይንኳኳባት እየተጠነቀቀች ታጥባለች።

«ለሴትዮዋ ደውዪላት» አለች እህቴ።

«ለየቷ?»

«ክፍሉን ላከራየችኝ። አልመጣም በያት።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ትንፋሼን እንደዚያ እንደ ባንክ ጥበቃው ያዝኩ። «ይቺን ልጨርስና እደውላለሁ» አልኩ፣ ስለ ክር መግዛት የማወራ መስዬ። ቁልፉን ደግሜ ሰፋሁት፣ ደግሜ ሰፋሁት፤ ያ ቁልፍ ከእንግዲህ ሱሪው ቢቀደድ እንኳ አይነቀልም።

«መሳቅ ትችያለሽ» አለች ከውስጥ። «ተሸፍኛለሁ። አላይሽም።»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና አፌን በሱሪው አፍኜ ሳቅኩ። እንባዬም መጣ። ማን አይቶኝ።